የዘገየ ሁሉ የቀረ አይደለም

ዘመድ ለመቀበል ወደ ቤን ጉሪዮን አየር ማረፊያ የሄደ ሰው ሁሉ በመቀበያው አዳራሽ ውስጥ ያለውን ትልቅ ሰሌዳ ያውቀዋል። አውሮፕላኖቹ የተነሡበት ከተማና የሚያርፉበት ሰዓት በተራ ተጽፎ ይታይበታል። «ናኅታ» የሚል ቃል ከወጣ አውሮፕላኑ አርፏል ማለት ነው። «ኢኩቭ» ከተባለ ደግሞ ዘግይቷል ማለት ነው። እኛ ይህችን ሁለተኛዋን ቃል እስከ ዛሬ አንረሳትም። ያጋጠመንን የምናጫውታችሁም እናንተ አዲስ ገቢዎች ነገ ከነገ ወዲያ እህት ወይም ወንድም ለመቀበል ወደዚያው ስለምትሄዱና ይጠቅማችኋል ብለን ስላሰብን ነው።

እኛ አራት እህትና ወንድም ስንሆን ከእናታችን ጋር በሬሆቮት እንኖራለን። ወደ እስራኤል የገባነው በግንቦት ወር 1991 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1983) በዘመቻ ሰሎሞን ነው። ታላቅ እህታችን ግን በዚያን ጊዜ ባሏን ተከትላ ከጎንደር ራቅ ባለ ገጠር ትኖር ስለነበር የላክነው መልእክት ሳይደርሳት ቀረ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደ ጎንደር ከተማ ገብታ ከልጆቿ ጋር ተራዋን ስትጠብቅ 17 ዓመት አለፈ። «በሚመጣው ወር»፣ «ከበዓሉ በኋላ»፣ «ወረቀቱ ሲመለስ» እየተባለ ልጆቿ አደጉ፣ ባሏም ሞተ። ስለዚህ በእኛ ቤት «ዘግይቷል» የሚለው ቃል ተራ ቃል አልነበረም።

በመጨረሻ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ በጸደይ ወራት፣ «መጥታለች በሉ» ተባልን። አውሮፕላኑ የሚያርፈው በአገራችን አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። እናታችን ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ አዲሱን ነጠላዋን ደርባ፣ የጋገረችውን ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ በር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን። ከቤት ስንወጣ ጉም ወርዶ ነበር። የመንገዱ መብራት በጥጥ የተጠቀለለ ይመስላል። ከእኛ ፊት የሚሄደው መኪና የኋላ መብራቱ ብቻ ይታየን ስለነበር በቀስታ ነዳን። ዘግይተን ደረስን ብለን እየተሯሯጥን ስንገባ ሰሌዳው ላይ «ኢኩቭ» ይላል።

በመጀመሪያ አልደነገጥንም። አዳራሹ በወገኖቻችን ተሞልቶ ነበር፤ ባንዲራ የያዙ ልጆች፣ ከበሮ ይዘው የመጡ ሽማግሌዎችም ነበሩ። ግማሽ ሰዓት አለፈ፣ አንድ ሰዓት አለፈ። በሰሌዳው ላይ ያለው የማረፊያ ሰዓት ወደፊት ተገፋ፤ ቆይቶም ጨርሶ ጠፋ። ያን ጊዜ ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው ስልኩን ከጆሮው አውርዶ «መልሰዋቸዋል አሉ» አለ። ማን እንዳለው አልጠየቀም፣ እኛም አልጠየቅነውም። ወሬው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ጊዜ አልፈጀበትም። «ወደ አዲስ አበባ መልሰዋቸዋል»፣ «ወረቀት ጎድሎባቸው ነው»፣ «ከሰማይ ላይ ነው የመለሷቸው» ተባለ። እናታችን ዳቦውን እቅፍ እንዳደረገች ከወለሉ ላይ ተቀመጠች። ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም፤ «ድሮስ» ብቻ ነው ያለችው።

በዚህ መካከል የሌሊት ሥራውን ጨርሶ የሚወጣ አንድ የወገናችን ልጅ አየን። የሚያንጸባርቅ ቢጫ ሰደርያ ለብሷል። ሥራው ከጓደኞቹ ጋር በመኪና እየዞረ መንደርደሪያውን መፈተሽ ነው። እናታችን መሬት ላይ ተቀምጣ ሲያያት አጠገቧ በርከክ አለና «ምነው እማማ?» አላት።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። መለሷቸው ወይ?»

«አይዞዎት እማማ፣ ማንም አልመለሳቸውም። ከቤትዎ ሲመጡ በመንገድ ላይ ጉም አላዩም?»

«አይተናል።»

«እንግዲያው እነሱንም የያዛቸው ያው ጉም ነው። ልዩነቱ፣ መኪና ቢጨንቀው ከመንገድ ዳር ይቆማል፤ አውሮፕላን ግን ሰማይ ላይ አይቆምም። እየዞረ ይጠብቃል፤ መጠበቁ ከረዘመ ደግሞ ጉም ወደሌለበት ጎረቤት አገር ሄዶ ያርፋል። የእነሱ አውሮፕላን አሁን ላርናካ ነው፣ ቆጵሮስ። ፀሐይ ስትሞቅ ይመጣል።»

ከዚያም ሻይ ገዝቶ አመጣላትና ከእኛ ጋር ተቀምጦ ነገሩን ከሥሩ አስረዳን። ያን ቀን ከእሱ የተማርነውንና በኋላም ጠይቀን የተረዳነውን ለእናንተም እናካፍላችሁ።

የአየር ጠባይ ባለሙያዎች በቤን ጉሪዮን በየግማሽ ሰዓቱ አጭር መግለጫ ያወጣሉ። በመግለጫው ውስጥ ነፋሱ ከየት አቅጣጫና በምን ፍጥነት እንደሚነፍስ፣ ዓይን ስንት ሜትር ድረስ ማየት እንደሚችል፣ ደመናው በምን ከፍታ ላይ እንዳለ፣ የአየሩ ሙቀትና ግፊት ምን ያህል እንደሆነ ይጻፋል። ልጁ የዚያን ጧት መግለጫ ከስልኩ አነበበልን፤ ነፋስ 2 ኖት፣ የማየት ርቀት 200 ሜትር፣ ሙቀት 14፣ የጤዛ ነጥብ 14። አንድ ኖት በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ ፍጥነት ነው፤ ስለዚህ ነፋስ የለም ማለት ይቻላል። የጤዛ ነጥብ የሚባለው ደግሞ አየሩ የያዘውን እርጥበት መሸከም አቅቶት ውሃ ማድረግ የሚጀምርበት የቅዝቃዜ መጠን ነው። ሙቀቱና የጤዛ ነጥቡ እኩል ሲሆኑ፣ ነፋስም ከሌለ፣ ጉም ይወርዳል።

የቤን ጉሪዮን አየር ማረፊያ የሚገኘው በባሕር ዳሩ ሜዳ ላይ ሲሆን ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ 40 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እርጥብ አየር ከሜዲትራኒያን ባሕር ይመጣል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬቱ የቀኑን ሙቀት ወደ ላይ ይለቅና ይቀዘቅዛል፤ ከመሬቱ በላይ ያለው እርጥብ አየርም አብሮ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ስለዚህ ከሁሉ የሚከፋው ሊነጋጋ ሲል ነው። ፀሐይ ወጥታ መሬቱን ስታሞቀው ጉሙ ከሥሩ እየሳሳ ይገለጣል። ልጁ ለእናታችን «ፀሐይ ስትሞቅ ይመጣል» ያላት ለማጽናናት ብቻ አልነበረም።

«ታዲያ አውሮፕላን መሣሪያ የለውም ወይ?» ብለን ጠየቅነው። አለው። ከመንደርደሪያው አጠገብ የተተከሉ የራዲዮ መሣሪያዎች አውሮፕላኑን በትክክለኛው መስመር እየመሩ ያወርዱታል። ነገር ግን በተለመደው የመሣሪያ አቀራረብ አብራሪው ከመሬት 60 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲደርስ መንደርደሪያውን ወይም መብራቶቹን በዓይኑ ማየት አለበት። በመንደርደሪያው ላይ ያለው የማየት ርቀትም ቢያንስ 550 ሜትር መሆን ይገባዋል። ከዚህ ባነሰ እይታ ለማውረድ የተለየ መሣሪያና የተለየ ሥልጠና ያስፈልጋል። አብራሪው እዚያ ከፍታ ላይ ደርሶ ካላየ አይከራከርም፤ ሞተሩን አጠንክሮ እንደገና ወደ ላይ ይወጣል። ተሳፋሪው ሊያርፍ ሲል የተነሣ ሲመስለው ይደነግጣል፤ እንዲህ ማድረግ ግን ለእያንዳንዱ አብራሪ ገና ከመጀመሪያው የሚሰጠው ትምህርት ነው።

ነዳጁም ቢሆን አስቀድሞ የታሰበበት ነው። አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ሲነሣ እስከ ቤን ጉሪዮን የሚያደርሰውን ነዳጅ ብቻ አይዝም። እዚህ ማረፍ ቢያቅተው ወደ ሌላ አየር ማረፊያ የሚያደርሰውን፣ በዚያ ላይ ደግሞ በአየር ላይ ለ30 ደቂቃ የሚያቆየውን መጠባበቂያ ጨምሮ ይይዛል። ከአዲስ አበባ ሳይነሡ በፊት «ጉም ቢሆንስ?» ብሎ ያሰበላቸው ሰው ነበር ማለት ነው።

እናታችን ይህን ስትሰማ አንድ ነገር ትዝ አላት። «እንደ መገጭ ነዋ» አለች። በአገራችን ሳለን በክረምት የመገጭ ወንዝ ሲሞላ አባታችን አህያውን ጭኖ ከዳሩ ላይ ይቀመጥ ነበር። ማዶው ቅርብ ነው፣ ቤቱ ይታየዋል፣ ነገር ግን ውሃው እስኪጎድል አይነቃነቅም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ለእህል ነው፤ በሞላ ወንዝ የቸኮለ ግን የሚለቀምም ነገር አይተርፈው። አባታችን በወንዙ ዳር ሲቀመጥ ወደ ቤቱ መምጣት ስላልፈለገ አልነበረም። ሊደርስ ስለፈለገ ነበር የተቀመጠው።

ጨዋታው ወደ ቀድሞው ጉዞአችንም ወሰደን። በ1991 ወንበሩ በተነሣለት አውሮፕላን ወለሉ ላይ ተደርድረን ስንመጣ፣ ከቦሌ ሲነሣ መሬት ለመሬት የሮጠው ርዝመቱ አይረሳንም። ሕፃናቱ ሁሉ ዝም አሉ፤ እናታችን «ይህ ነገር አገሩን መልቀቅ አልፈለገም» ብላ ነበር። ምክንያቱን ያን ቀን ተረዳነው። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳር አየር ወደ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አውሮፕላን በክንፉ የሚደገፈው በአየር ላይ ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ለመነሣት የበለጠ መፍጠን፣ ለመፍጠንም የበለጠ መሮጥ አለበት። ቀኑ ሞቃት ከሆነ ደግሞ አየሩ ከዚያም ይሳሳል። በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ያጓጓዙት እነዚያ አውሮፕላኖች ሁሉ በዚያ በሳሳ አየር ውስጥ ነው የተነሡት።

አዲስ አበባና ሎድ የአየር ጠባያቸው የተገላቢጦሽ መሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። እዚህ በሐምሌና በነሐሴ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ በቦሌ ክረምቱ ጠንክሮ ነጎድጓድና በረዶ ሊጥል ይችላል። እዚህ በታኅሣሥና በጥር ዝናብና ማዕበል ሲሆን እዚያ በጋ ነው። ስለዚህ በመስኮታችሁ ስታዩ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም አውሮፕላኑ ገና ከመነሻው ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። በጸደይ ወራት ደግሞ ሻራቭ የሚባለው ሞቃት ነፋስ ከበረሃ አቧራ ይዞ ሲመጣ እይታውን እንደ ጉም ይሸፍነዋል።

እናታችን ቀና ብላ «ዝናብስ ሲሆን? ያኔም አያርፍም?» አለችው። ልጁ ፈገግ አለ፤ ይህ የራሱ ሥራ ነውና። «ዝናብ ብቻውን አይከለክልም እማማ። የሚፈራው መሬት ላይ የሚቆመው ውሃ ነው» አላት። መንደርደሪያውን በሦስት ክፍል ከፍለው፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 6 ቁጥር ይሰጡታል። ይህ አሠራር በዓለም አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው በኅዳር 2021 ነው። ደረቅ ከሆነ 6 ነው። እርጥብ ሆኖ ውሃው ከ3 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ 5 ነው። ከዚያ በላይ ውሃ ከተኛበት ወደ 2 ይወርዳል፤ ምክንያቱም ጎማው መሬቱን መንካቱ ቀርቶ በውሃው ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። 0 ከሆነ ፍሬን አይዝም ማለት ስለሆነ ማንም አያርፍበትም። አውሮፕላን ሲያርፍ ጎማው ላስቲኩን አስፋልቱ ላይ እየለቀቀ ስለሚሄድ፣ ያም ሲጠራቀም ያንሸራትታልና በየጊዜው ይታጠባል። ከረጅሙ በጋ በኋላ ዮሬ የሚባለው የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ አቧራውና ላስቲኩ ከውሃው ጋር ስለሚደባለቅ በጥንቃቄ ይጠብቁታል። ይህ ለመኪና ነጂዎችም ትምህርት ነው።

እንዲህ ስንጨዋወት በመስኮቱ በኩል ብርሃን መጣ። ቀድሞ ያልታዩን ዛፎች ታዩን። ከጧቱ ሦስት ሰዓት አልፎ የአውሮፕላኑ ስም ከአዲስ ሰዓት ጋር ሰሌዳው ላይ ተመለሰ፤ ቆይቶም «ናኅታ» አለ። እናታችን ፊደሉን አታነብም፣ ነገር ግን ሰው ሁሉ እልል ሲል ተነሣች።

እህታችን ከልጆቿ ጋር የወጣችው ከዚያ ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው። እንዴት ተቃቀፍን፣ እንዴት ተላቀስን የሚለውን ትተነዋል፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። የነገረችንን ግን እንጻፈው። አውሮፕላኑ ላርናካ ሲያርፍ ተሳፋሪው ሁሉ እስራኤል የገባ መስሎት እልል አለ፣ አጨበጨበ። አንድ ሽማግሌ ወርደው መሬቱን እንሳማለን ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። በሩ ግን አልተከፈተም። በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ ተነገራቸው፤ አልገባቸውም። እንደገና ሲነሣ እህታችን ልጆቿን ሰብስባ ያዘች። «መልሰው ወሰዱን ብዬ ነበር፣ እናቴን ሳላይ መሬቷን ብቻ አሳይተው መለሱኝ አልኩ» አለችን። በመስኮት ባሕር ብቻ ነበር የሚታያት። ለሁለተኛ ጊዜ ሲያርፍ ማንም እልል አላለም። ሁሉም ዝም ብሎ ተቀመጠ። አንድ ዕብራይስጥ የሚችል ወጣት ተሳፋሪ ተነሥቶ በአማርኛ «ወገኖቼ፣ አሁን ሎድ ነው፣ ገብተናል» ካለ በኋላ ነው እልልታው የተሰማው። ሽማግሌውም ያን ጊዜ አለቀሱ።

እንግዲህ ከዚህ ምን ተማርን? በመጀመሪያ ደረጃ፣ ሰሌዳው ላይ «ኢኩቭ» ሲል የተከለከለ ሰው የለም። አውሮፕላኑ ቀርቷል የሚባለው «ሜቩተለት» የሚል ቃል ሲወጣ ነው፤ ያም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ ቀን ተላለፈ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ከመነሣታችሁ በፊት የአውሮፕላኑን ቁጥር ይዛችሁ የማረፊያውን ሰዓት ጠይቁ፤ አረጋውያንና ሕፃናት ካሏችሁ መድኃኒታቸውንና ስንቃቸውን ያዙ። ሦስተኛ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሠራተኛ ስታገኙ «ማ ሃሲባ ላኢኩቭ?» በሉ፤ የመዘግየቱ ምክንያት ምንድን ነው ማለት ነው። «ዓራፌል» ካላችሁ ጉም ነው፣ «ሩአሕ» ካላችሁ ነፋስ ነው። አራተኛ፣ ያላረጋገጣችሁትን ወሬ አታስተላልፉ። ያን ጧት አዳራሹን ሙሉ ያስለቀሰው ጉሙ አልነበረም፣ «አሉ» የሚለው ቃል ነበር። እኛም ለጎረቤቶቻችን አስተላልፈናልና ከጥፋቱ ድርሻ አለን።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። የጉሙን ምክንያት አንድ ልጅ መሬት ላይ በርከክ ብሎ በአማርኛ በአንድ ሰዓት ውስጥ አስረዳን፤ እናታችንም ልቧ ዐረፈ። የአራት ሰዓት መዘግየት ነበር፣ ምክንያቱን ስናውቅ ቀለለን። የ17 ዓመቱን መዘግየት ምክንያት ግን እንዲህ አጠገባችን ቁጭ ብሎ የነገረን ሰው አላገኘንም። ዛሬም በጎንደርና በአዲስ አበባ የሚጠብቁ ወገኖች አሉ። ሰው ወንዙ እስኪጎድል መጠበቅ አያቅተውም፤ የሚያቅተው ወንዙ መኖሩን ሳያውቅ መጠበቅ ነው። ስለዚህ እናንተ ልጆቻችሁን ያስተማራችሁ፣ ቋንቋ የቻላችሁ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየሆስፒታሉ የምትሠሩ ወገኖቻችን፣ በአዳራሽ ውስጥ ግራ የገባው ሰው ስታዩ እንደዚያ ልጅ ጠጋ በሉና ጠይቁት።

እናታችን ዳቦውን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ቆርሳ ነበር ያካፈለችው። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእህታችን ሰጠች፣ ሁለተኛውን ለልጁ አስቀመጠች። እሱ ግን እንቅልፉ አሸንፎት ወደ ቤቱ ሄዶ ነበር። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም። ይህን ጽሑፍ ካነበበው ድርሻው እኛ ዘንድ እንዳለ ይወቅልን።

ቸር ወሬ ያሰማን።